ካሳ፣ ሊዝና የቤት ኪራይ በአቃቂ ቃሊቲ

በአዲስ አበባ ደቡባዊ ዳርቻ የሚገኘው አቃቂ ቃሊቲ ክፍለ ከተማ ፋብሪካና የእርሻ ማሳ ለረጅም ዘመን ጎን ለጎን የኖሩበት አካባቢ ነው። ጤፍና ሽምብራ ያበቅል የነበረው ዋልካ አፈር ዛሬ በቱሉ ዲምቱ የጋራ መኖሪያ ሕንፃዎችን ተሸክሟል። ዋልካ በክረምት የሚያብጥ፣ በበጋ የሚሰነጠቅ በመሆኑ ለሽምብራ እንጂ ለቤት መሠረት አይመችም፤ የከተማ ቦታ ዋጋ ግን የሚወሰነው በአፈሩ ሳይሆን በመንገዱ ነው።

በ1967 ዓ.ም. የወጡት አዋጆች በየካቲት የገጠሩን መሬት፣ በሐምሌ ደግሞ የከተማውን ቦታና ትርፍ ቤት ከግል ባለቤትነት አወጡ። የ1987ቱ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 40ም መሬት እንደማይሸጥና እንደማይለወጥ ደነገገ። ሽያጩ መከልከሉ ግን የመሬቱን ዋጋ አላስቀረም።

ይህ በካሳ አሰላል በግልጽ ይታያል። የ1997ቱ አዋጅ ቁጥር 455 መሬቱን በቋሚነት ለሚለቅ አርሶ አደር የ5 ዓመት አማካይ ዓመታዊ ገቢውን በ10 አባዝቶ ያስብ ነበር። በ2011 ዓ.ም. የተተካው አዋጅ ቁጥር 1161 ደግሞ በመጨረሻዎቹ 3 ዓመታት የተገኘውን ከፍተኛ ዓመታዊ ገቢ በ15 ያባዛል። ለምሳሌ በጥሩው ዓመት ከማሳው 60,000 ብር ላገኘ ሰው 900,000 ብር ይሰላል። ማሻሻያው ቀላል አይደለም፤ ሆኖም ሁለቱም የሚመዝኑት ምርቱን ነው። ያው ማሳ በአዋጅ ቁጥር 721/2004 መሠረት ለሊዝ ጨረታ ሲቀርብ ግን የሚመዘነው ቦታው ሲሆን፣ በዋናነት ከፍተኛ ዋጋ ላቀረበ ተጫራች ለመኖሪያ እስከ 99 ዓመት ይተላለፋል። በሁለቱ ዋጋዎች መካከል ያለው ልዩነት ለአርሶ አደሩ አይደርስም። ካሳው ሳይመጣ ማሳን ቆራርሶ በድብቅ መሸጥና በሌሊት የሚቆሙት ጨረቃ ቤቶች፣ በዚህ ዘጋቢ እምነት፣ በአመዛኙ የዚሁ ስሌት ውጤት ናቸው። ሻጩም ገዥውም ሕጋዊ ዋስትና የላቸውም። በካሳው ወይም በማስለቀቂያው ትእዛዝ ቅር የተሰኘ ባለይዞታ ትእዛዙ በደረሰው በ30 ቀናት ውስጥ ለአቤቱታ ሰሚው አካል ማመልከት ይችላል።

የጋራ መኖሪያ ቤት ዕጣ የወጣላቸው ሁሉ በቤቱ አይኖሩም፤ የሚያከራዩት ብዙዎች ናቸው። የካሳው ገንዘብ ሲያልቅ የአርሶ አደሩ ልጆች በአባታቸው ማሳ ላይ በቆመው ሕንፃ ተከራይ ሆነው ሊገቡ ይችላሉ። በ2016 ዓ.ም. የወጣው የመኖሪያ ቤት ኪራይ አዋጅ ቁጥር 1320 ውሉ ከ2 ዓመት እንዳያንስ፣ ቅድሚያ ክፍያው ከ2 ወር ኪራይ እንዳይበልጥ፣ ጭማሪውም በዓመት አንድ ጊዜ ብቻ እንዲሆን ይደነግጋል።