ባለቤት የሌለው ጭስ

አንድ መርከብ አስቡ። የተሠራው ኮሪያ ነው። ባለቤቱ ግሪካዊ፣ መርከበኞቹ ፊሊፒናውያን፣ ባንዲራው የማርሻል ደሴቶች። ዕቃውን ከቻይና ጭኖ ሮተርዳም ያራግፋል። እሺ፣ መሀል ውቅያኖስ ላይ የሚተፋው ጭስ በማን ስም ይመዝገብ?

በታኅሣሥ 1997 (ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) ኪዮቶ ላይ የተሰበሰቡ መንግሥታት በዚህ ጥያቄ አልተስማሙም። ጉዳዩን ለንደን ላለው ዓለም አቀፍ የባሕር ድርጅት አስተላለፉትና ተገላገሉ። ድርጅቱ በ2011 አዳዲስ መርከቦች ነዳጅ ቆጣቢ ሆነው እንዲሠሩ ደንብ አወጣ። በጠቅላላው ጭስ ላይ ግን ጣሪያ አላበጀም።

ታሪኩ የሚጣፍጠው ቶኒ ደ ብሩም ሲገባበት ነው። ሰውዬው የማርሻል ደሴቶች የውጭ ጉዳይ ሚኒስትር ነበር። በ1954 አሜሪካ ቢኪኒ ላይ የሃይድሮጅን ቦምብ ስታፈነዳ፣ ገና የዘጠኝ ዓመት ልጅ ሆኖ ከአያቱ ጋር ዓሣ ሲያጠምድ ሰማዩ ሲቀላ አይቷል። አገሩ ከባሕር ወለል በላይ በአማካይ ሁለት ሜትር ያህል ብቻ ከፍ ትላለች፤ ውሃው ከጨመረ መሸሻ ተራራ እንኳ የላትም። ይህችው አገር ግን ከፓናማና ከላይቤሪያ ጋር በዓለም ብዙ መርከብ ከሚመዘገብባቸው ባንዲራዎች አንዷ ናት። መዝገቡን የሚያስተዳድረው ደግሞ አሜሪካ፣ ቨርጂኒያ ውስጥ ያለ የግል ኩባንያ ነው። አስቡት፤ የሚያሰጥማትም ጭስ፣ የሚያበላትም ገንዘብ ከአንድ መርከብ ይወጣል።

በግንቦት 2015 ደ ብሩም ራሱ ለንደን ሄዶ መርከቦች የልቀት ገደብ ይበጅላቸው ብሎ ጠየቀ። ስብሰባው ለሌላ ጊዜ አሳደረው። እሱ በነሐሴ 2017 አረፈ። ድርጅቱ በሚያዝያ 2018 የመርከቦች ልቀት እስከ 2050 ድረስ ከ2008ቱ ቢያንስ በግማሽ እንዲቀንስ ተስማማ።

ለመቀነስ ግን መጀመሪያ መቁጠር ያስፈልጋል። አቆጣጠሩ ያን ያህል አይከብድም፤ ጭስ ማውጫው ላይ መሣሪያ መግጠም እንኳ ግድ አይደለም። መርከቡ ነዳጅ ሲሞላ ደረሰኝ ይሰጠዋል፤ ታንኩ ውስጥ የቀረው ይለካል፤ ልዩነቱ የተቃጠለው ነው። አንድ ቶን ከባድ ጥቁር ነዳጅ ሲቃጠል 3.114 ቶን ካርቦን ዳይኦክሳይድ ይወጣዋል ተብሎ ይባዛል። በቃ! ከባዱ ነገር ቁጥሩን ማሳየቱ ነው። የአውሮፓ ኅብረት ከ2018 ጀምሮ ወደቦቹን የሚረግጡ ከ5,000 ግሮስ ቶን በላይ የሆኑ መርከቦችን ልቀት በየስማቸው ለሕዝብ ያወጣል። ዓለም አቀፉ ድርጅትም ከ2019 ጀምሮ የነዳጅ ፍጆታቸውን ይሰበስባል፤ የሚያወጣው ግን ስም አልባ ጥቅል ነው። እኔን ብትጠይቁኝ ሚዛን የሚደፋው ስም ያለበት መዝገብ ነው። ኅብረቱም በዚያው መዝገብ ተመሥርቶ ከ2024 ጀምሮ መርከቦቹን ለጭሳቸው ማስከፈል ጀምሯል።

ነገሩ ለእኛም ሩቅ አይደለም። የባሕር በር ባይኖረንም ከ1960ዎቹ ጀምሮ የራሳችን የመርከብ ድርጅት አለን፤ ዕቃችንም በአብዛኛው በጅቡቲ ነው የሚገባው። በባሕር ላይ የሚጣል ክፍያ መርካቶ ዋጋ ላይ ሊደርስ ይችላል። የታዳጊ አገሮች ክርክርም ከዚህ ይነሣል፦ ገንዘቡን ማን ይከፍላል? ለማንስ ይመለሳል?

በ2023 ግቡ ከፍ ተደርጎ በ2050 አካባቢ የተጣራ ልቀት ዜሮ ይሁን ተባለ። በሚያዝያ 2025 ከገደብ በላይ የሚያጨስ እንዲከፍል የሚያደርግ ማዕቀፍ በድምፅ አለፈ። በጥቅምት ሊጸድቅ ለንደን ሲሰበሰቡ አሜሪካ ደጋፊዎቹን በቀረጥና በቪዛ አስፈራራች፤ ሳዑዲ አረቢያ ይዘግይ ብላ ጠየቀች። 57 አገሮች ይዘግይ፣ 49ኙ አይዘግይ አሉ። ውሳኔው በአንድ ዓመት ተገፋ።