የኪሌሌሽዋ ጎዳናዎች የገጠር ስሞች፡ የኬንያ ዕድገት ከየት ይመነጫል?

ኪሌሌሽዋ ከናይሮቢ መሃል ከተማ በስተምዕራብ የምትገኝ፣ ባለ ብዙ ፎቅ አፓርታማዎች የበዙባት ሰፈር ናት። በሰፋፊ ግቢዎቿና በዛፎቿ ትታወቅ የነበረችው ይህች አካባቢ ባለፉት ሁለት አሥርት ዓመታት መልኳ ተለውጧል። ስሟ ግን አሁንም ሌሌሽዋ ከተባለው የስምጥ ሸለቆ ቁጥቋጦ ጋር ይያያዛል።

የጎዳናዎቿ ስሞችም ከከተማ የመጡ አይደሉም። ኦታያ፣ ጊቱንጉሪ፣ ካንዳራ፣ ላይኪፒያ፣ ማንዴራ፤ ሁሉም የኬንያ ገጠር መጠሪያዎች ናቸው። የአገሪቱ ኢኮኖሚ በምን ላይ እንደቆመ ማወቅ ለሚሻ ሰው ከእነዚህ የመንገድ ምልክቶች የተሻለ መነሻ አይገኝም።

በኦፊሴላዊው አኃዝ መሠረት ግብርና ከኬንያ ጥቅል አገራዊ ምርት አንድ አምስተኛ ያህሉን ይይዛል። ቁጥሩ ስህተት ባይሆንም ብዙ ነገር ይሸፍናል። በግብርና ስም የሚመዘገበው ማሳ ላይ የተፈጠረው እሴት ብቻ ነው። ያው ምርት በጭነት መኪና ሲጓዝ 'ትራንስፖርት'፣ በፋብሪካ ሲያልፍ 'ማኑፋክቸሪንግ'፣ ኪሌሌሽዋ ውስጥ ሱፐርማርኬት ሲደርስ ደግሞ 'ንግድ' ተብሎ ይቆጠራል። ከገጠር የተነሳ ሀብት በየደረጃው የከተማ ስም እየያዘ ይሄዳል ማለት ነው።

በአውሮፓውያኑ 2019 በተደረገው ቆጠራ ኬንያ 47.6 ሚሊዮን ሕዝብ ነበራት። ከአሥሩ ሰባቱ የሚጠጉት የገጠር ነዋሪዎች ነበሩ።

ሁለት ቅጠልና አንድ እንቡጥ

ኦታያ የቀድሞው ፕሬዝዳንት ምዋይ ኪባኪ የምርጫ ክልል የነበረች፣ በኒዬሪ ግዛት የምትገኝ የሻይና የቡና አገር ናት። ሻይ ወደ ኬንያ የገባው በ1903 ከናይሮቢ ብዙም በማይርቀው ሊሙሩ ሲሆን፣ ለግማሽ ምዕተ ዓመት ያህል የነጮች ሰፋፊ እርሻዎች ሀብት ሆኖ ቆይቷል። ለአፍሪካውያን ገበሬዎች ለገበያ የሚሆኑ እንዲህ ያሉ ሰብሎችን የማምረት በር በስፋት የተከፈተው ከ1954ቱ የስዊነርተን ዕቅድ በኋላ ነው።

ዛሬ ከኬንያ ሻይ ከግማሽ በላይ የሚሆነውን የሚያመርቱት፣ ብዙዎቹ ከአንድ ሄክታር ያነሰ መሬት ያላቸው ገበሬዎች ናቸው። አገሪቱ ጥቁር ሻይ ወደ ውጭ በመላክ ከዓለም ቀዳሚ ነች። በ2024 ወደ 600 ሚሊዮን ኪሎ ግራም የሚጠጋ ሻይ አምርታለች።

አሠራሩ በዝርዝር መታየት ይገባዋል። ቤተሰቡ ሁለት ቅጠልና አንድ እንቡጥ እየለቀመ በቅርብ ወዳለው መረከቢያ ጣቢያ ያደርሳል። ቅጠሉ ሳይበላሽ በዚያው ዕለት ፋብሪካ መግባት ስላለበት የገጠር መንገድ ጥራት በቀጥታ ወደ ዋጋ ይቀየራል። ገበሬው በየወሩ በኪሎ የተወሰነ ክፍያ ያገኛል። ሻዩ በሞምባሳ ጨረታ ከተሸጠ በኋላ ደግሞ፣ አብዛኛውን ጊዜ በጥቅምት ወር፣ 'ቦነስ' የሚባለው ዓመታዊ ክፍያ ይመጣል። የልጆች ትምህርት ቤት ክፍያ፣ የጣሪያ ቆርቆሮና የወተት ላም የሚታሰቡት በዚህ ገንዘብ ነው።

ይህን ሰንሰለት የሚያስተዳድረው በ1964 በመንግሥት የተቋቋመው የኬንያ ሻይ ልማት ተቋም በ2000 ወደ ገበሬዎቹ ባለቤትነት ተዛውሯል። ፋብሪካዎቹ የገበሬዎቹ ናቸው። ይህ ማለት ግን ጭቅጭቅ የለም ማለት አይደለም። ከስምጥ ሸለቆ በስተምዕራብ ያሉ ገበሬዎች በምሥራቅ ካሉት ያነሰ ቦነስ ማግኘታቸው በየዓመቱ ቁጣ ይቀሰቅሳል። መንግሥት ገበሬውን ለመጠበቅ ብሎ በ2021 ለአንድ ኪሎ 2.43 ዶላር ዝቅተኛ የጨረታ ዋጋ ሲወስን ደግሞ፣ ያልተሸጠ ሻይ በመጋዘን ተከማችቶ ውሳኔው በ2024 ተነስቷል።

በጊቱንጉሪ ታሪኩ የወተት ነው። እዚያ በ1961 በ31 አባላት የተመሠረተው የኅብረት ሥራ ማኅበር ዛሬ የራሱ ማቀነባበሪያ ፋብሪካ አለው። የአባላቱ ወተት ታሽጎ ናይሮቢ ሱቆች ውስጥ ይሸጣል። የወተቱ ዋጋ የሚጨምረው እዚያው ገጠር ውስጥ በመሆኑ ትርፉም ከፊሉ እዚያው ይቀራል።

የኢትዮጵያ ቡና ከዚህ ጋር ሲነጻጸር ልዩነቱ ጎልቶ ይታያል። ኢትዮጵያ በ2017 ዓ.ም. በጀት ዓመት ከቡና ወጪ ንግድ 2.65 ቢሊዮን ዶላር ገደማ አግኝታለች፤ ቡናውን በአብዛኛው የሚያመርቱትም አነስተኛ ገበሬዎች ናቸው። በ1999 እንደተቋቋመው የኦሮሚያ ቡና ገበሬዎች ዩኒየን ያሉ ማኅበራት በቀጥታ ወደ ውጭ ቢልኩም፣ ብዙው ገበሬ አሁንም እሸት ወይም ደረቅ ቡናውን ለሰብሳቢ ሸጦ ከሰንሰለቱ ይወጣል። ከዚያ በኋላ ዋጋው ቢጨምር የእሱ ድርሻ አይጨምርም።

ገንዘብ በሁለቱም አቅጣጫ

ከከተማ ወደ ገጠር የሚሄደውም ቀላል አይደለም። ኤምፔሳ የተባለው የሞባይል ገንዘብ አገልግሎት በመጋቢት 2007 ሲጀመር ማስታወቂያው ገንዘብን ወደ ቤት ስለ መላክ ነበር። በአፓርታማዎች በጥበቃና በቤት ሠራተኝነት የሚተዳደሩ ሰዎች ደመወዛቸውን ከፍለው ለወላጅ መላክ አውቶቡስ ሹፌር ማማለድ ቀረላቸው። ታቭኒት ሱሪና ዊሊያም ጃክ የተባሉ ተመራማሪዎች በ2016 ይፋ ባደረጉት ጥናት፣ አገልግሎቱ 194 ሺህ የኬንያ ቤተሰቦችን፣ ማለትም ከጠቅላላው 2 በመቶውን፣ ከድህነት እንዳወጣ ገምተዋል።

ማንዴራ

ኬንያ ከኢትዮጵያና ከሶማሊያ ጋር በምትዋሰንበት ጥግ ላይ ያለችው ማንዴራ ግን ሌላ ታሪክ አላት። በ1965 የወጣው የመንግሥት የኢኮኖሚ ፖሊሲ ሰነድ የልማት ገንዘብ ከፍተኛ ምርት በሚያስገኝበት፣ ማለትም ለም መሬትና በቂ ዝናብ ባለበት፣ እንዲውል መክሮ ነበር። ሻይ አብቃዩ ደጋ መንገድና ፋብሪካ ሲያገኝ፣ ግመልና ፍየል አርቢው ሰሜን ወደ ኋላ ቀረ። የ2010ሩ ሕገ መንግሥት 47 ግዛቶችን ፈጥሮ ቢያንስ 15 በመቶ የሚሆነውን አገራዊ ገቢ እንዲካፈሉ ያዘዘው ይህን የመሰለ አድልዎ ለማረም ጭምር ነው።

ከ2020 መጨረሻ ጀምሮ በተከታታይ አምስት የዝናብ ወቅቶች ሲከሽፉ በኬንያ ከ2.5 ሚሊዮን በላይ ከብቶች፣ ፍየሎች፣ በጎችና ግመሎች አልቀዋል። ከድንበሩ ማዶ የቦረና አርብቶ አደሮችም መንጋቸውን አጥተዋል። በ2022 የኬንያ ግብርና ቢያሽቆለቁልም አጠቃላይ ኢኮኖሚው ከ4 በመቶ በላይ አድጓል፤ ባንኩ፣ ኢንሹራንሱና ሆቴሉ ጉድለቱን ሸፍነውታል። በዚያ ዓመት መንጋውን ላጣ የማንዴራ ቤተሰብ ግን ያንን ጉድለት የሚሸፍንለት ሌላ ዘርፍ አልነበረም።