ጀልባው ቀደመ፣ ሕጉ ዘገየ፦ የጣና ዓሣ ማስገር ታሪክ

የጣና ዓሣ ማስገር ታሪክ ብዙውን ጊዜ የሚተረከው ከደንገል ታንኳ ወደ ሞተር ጀልባ እንደተደረገ የዕድገት ጉዞ ነው። ትረካው ሐሰት ባይሆንም ዋናውን ነገር ይዘላል። ለዘመናት የሐይቁን ዓሣ የጠበቀው የመሣሪያው አቅም ማነስ ነበር። መሣሪያው ሲለወጥ፣ የቀድሞው ገደብ የነበረበትን ቦታ ደንብ መያዝ ነበረበት፤ ደንቡ ግን ከ15 ዓመት በላይ ዘገየ።

የነገደ ወይጦ አስጋሪዎች ከደንገል የሚሠሩት ታንኳ ቀላልና ርካሽ ነው። ነገር ግን ደንገሉ ውኃ ይመጥጣል፤ ከሐይቁ በወጣ ቁጥር ፀሐይ ላይ መድረቅ አለበት፣ ዕድሜውም አጭር ነው። ስለዚህ አስጋሪው ከዳር ብዙም አይርቅም፤ የሚይዘውም በአብዛኛው ዳርቻውን የሚወድደውን ቆሮሶ ነበር። ከ3,000 ካሬ ኪሎ ሜትር በላይ ከሚሰፋው ሐይቅ መሐሉና ራቅ ያሉት የወንዝ አፎች፣ አዋጅ ሳይወጣላቸው ተከልለው ኖሩ።

እ.ኤ.አ. በ1986 የኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ቤተ ክርስቲያን፣ የዓሣ አጥማጆች ከተማ በሆነችው በኡርክ ከሚገኝ የኔዘርላንድስ አብያተ ክርስቲያናት ድርጅት ጋር በጀመረችው የልማት ፕሮግራም የሞተር ጀልባና የናይለን መረብ ገባ። ዓላማው በጎ ነበር፦ ድሃው አስጋሪ ገቢ እንዲያገኝ፣ ባሕር ዳርም ዓሣ እንድትጠግብ። ይሁን እንጂ በጣና 15 ገደማ የሚሆኑ፣ በዓለም ላይ ሌላ ቦታ የማይገኙ የላቤኦባርበስ ዓሣ ዝርያዎች ይኖራሉ። ከእነዚህ ብዙዎቹ በክረምት ወደ ጉማራ፣ ርብ፣ ገልዳና መገጭ ወጥተው ጠጠር ላይ ዕንቁላላቸውን ይጥላሉ። ከመውጣታቸው በፊት ወንዙ አፍ ላይ ይሰበሰባሉ። እዚያ የተዘረጋ መረብ ዕንቁላል የተሸከመችውን እናት ሳትጥል ይይዛታል። ዓሦቹም ለመራባት የሚደርሱት ዘግይተው በመሆኑ የጎደለው ቶሎ አይተካም። በተመራማሪዎች ናሙና መሠረት፣ እ.ኤ.አ. ከ1991 እስከ 2001 ወደ ወንዝ የሚወጡት ዝርያዎች ክብደት በ75 በመቶ ገደማ ቀነሰ። የፌዴራሉ የዓሣ ሀብት ልማትና አጠቃቀም አዋጅ ቁጥር 315 የወጣው ከዚያ በኋላ፣ እ.ኤ.አ. በ2003 ነው።

ጥፋቱን ሁሉ በዘመናዊው መረብ ላይ ማላከክ ትክክል አይደለም የሚል ይኖራል። እውነት አለው። የብርብራ ፍሬ ወቅጦ ወንዝ ውስጥ በመጨመር ዓሣን ማደንዘዝ የቆየ ልማድ ነው፤ ጫጩቱንም ትልቁንም አይለይም። ይህ ግን ክርክሩን ያጠናክረዋል እንጂ አያፈርሰውም። በደካማ መሣሪያ እንኳ ጉዳቱ የበረታው በመራቢያው ወንዝ ላይ ከሆነ፣ ኃይለኛ መሣሪያ ያመጣው ዕቅድ አስቀድሞ መመልከት የነበረበት ያንኑ ቦታ ነበር።

ከበድ ያለው ተቃውሞ የድህነት ነው፦ የዕለት ጉርሱን ከሐይቁ የሚያገኘውን ሰው እንዴት አታስግር እንለዋለን? ሐይቁ በሙሉ ይዘጋ ከተባለ ተቃውሞው ትክክል ነው። የሚያስፈልገው ግን ከሐምሌ እስከ ጥቅምት የወንዞቹን አፍና መውጫቸውን መተው ነው። ቆሮሶ ለመራባት እነዚህን ወንዞች መውጣት አያሻውም፤ አስጋሪው በቀረው ሐይቅ እርሱን መያዝ ይችላል። የዓሣ ገበያ የሚደራበት ዐቢይ ጾምም ከዚህ ወቅት ውጭ ነው። በአንጻሩ የወንዙ አፍ ሳይጠበቅ ከቀረ፣ መጀመሪያ ባዶ እጁን የሚመለሰው ያው ድሃ አስጋሪ ነው።

ዛሬ በጣና ላይ እንቦጭ፣ ደለልና በገባር ወንዞቹ ላይ የሚሠሩ ግድቦች ተጨምረዋል፤ ስህተትን የሚሸከም ትርፍ ዓሣ የለም። እንግዲህ በጣናም ሆነ በሌላ ሐይቅ የዓሣ ልማት የሚያቅድ ሁሉ፣ ጀልባና መረብ ከመግዛቱ በፊት ዓሣው የት፣ በየትኛው ወር እንደሚራባ አስጋሪዎቹን ይጠይቅ፤ የሚከለለውን ቦታ ከእነርሱ ጋር ይወስን፤ ጠባቂውንም በዚያው በጀት ይመድብ።