ሙቃወማ፦ በካርቱም ሰፈሮች የቆመ ግስ

«ሙቃወማ» በካርቱም የሰፈር ቃል ነው። «ሊጃን አልሙቃወማ» ሲባል የተቃውሞ ኮሚቴዎች ማለት ነው። ጥንስሳቸው የነዳጅ ድጎማ መነሣት በቀሰቀሰው የ2013 ዐመፅ ላይ ነበር (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው)። በዲሴምበር 2018 በዳቦ ዋጋ ምክንያት አትባራ ላይ የተነሣው ቁጣ ዋና ከተማዋ ሲደርስ ደግሞ ከቡሪ እስከ ኦምዱርማን፣ ከኦምዱርማን እስከ ባሕሪ በየመንደሩ ተቋቋሙ።

አማርኛ ተናጋሪ ይህን ስም ሲሰማ ዝምድናው አይጠፋውም። ግእዙ «ቆመ፣ ይቀውም፣ ቀዊም» ይላል፤ ዐረብኛው «ቃመ፣ የቁሙ፣ ቂያም»፤ ዕብራይስጡም «ቁም»። ሥሩ አንድ ነው፤ ቀ፣ ወ፣ መ። አለቃ ኪዳነ ወልድ ክፍሌን የመሰሉ ሊቃውንት ግእዙን ከዕብራይስጥና ከዐረብኛ እያስተያዩ ሲፈቱ የኖሩት እንዲህ ያለው ቤተሰብነት ፊት ለፊት ስለሚታይ ነው።

አረባቡም ይመሳሰላል። «ቀተለ» ገደለ ማለት ነው፤ «ቀ» ወደ ራብዕ ሲሻገር በግእዝ «ተቃተለ»፣ በዐረብኛ «ቃተለ» ይሆናል፤ ተዋጋ ለማለት። ያቺ የ«ኣ» ድምፅ ድርጊቱን ባላንጣ ፊት ታቆመዋለች። «ቆመ»ም በዚሁ መንገድ በግእዝና በአማርኛ «ተቃወመ»፣ በዐረብኛ «ቃወመ» ሆኗል፤ በአንድ ኃይል ፊት ቆመ ማለት ነው። «ሙቃወማ» የዚሁ ስም ነው። የካርቱም ወጣት «ሙቃወማ» ሲል የአዲስ አበባው «ተቃውሞ» ይላል፤ ሁለቱም አንድ ግስ ያረባሉ።

የሥሩ ልጆች ብዙ ናቸው። በዐረብ አገር የኖረ ኢትዮጵያዊ ሁሉ «ኢቃማ»ን ያውቃል፤ የመቆያ ፈቃድ ነው። ሙስሊሙ «ቂያማ» ሲል ሙታን የሚቆሙበትን ቀን ይጠራል። በእኛ በኩል «ቁም ነገር» አለ፤ «አቋም» አለ፤ ደብተራው የሚደገፈው «መቋሚያ» አለ። ከሁሉ በላይ ግን «ተቋም» እና «ተቋቋመ» አሉ። «ማኅበሩ ተቋቋመ» ስንል ተመሠረተ ማለታችን ነው፤ «መከራውን ተቋቋመ» ስንል ደግሞ ችሎ አለፈው፣ አልተረታም ማለታችን ነው። መመሥረትና አለመረታት በአንድ ግስ ውስጥ ተቀምጠዋል። የካርቱም ኮሚቴዎች ያለፉት ዓመታት ታሪክ በዚህ ግስ ሁለት ትርጉሞች መካከል የተደረገ ጉዞ ነው።

«ሊጃን» የ«ለጅና» ብዙ ቁጥር ነው፤ ለጅና ማለት ኮሚቴ። ይህ ቃል ከ2018 በፊት በካርቱም ጥሩ ስም አልነበረውም። በዑመር አልበሽር ዘመን «አልሊጃን አሽሸዕቢያ»፣ የሕዝብ ኮሚቴዎች፣ በየሰፈሩ ነበሩ። የነዋሪነት ማስረጃ ይጽፉ ነበር፤ የመንግሥት ዓይንና ጆሮም ነበሩ። የደርግን ዘመን ቀበሌ ያየ ሰው ሌላ ማብራሪያ አይሻም። «ደርግ» ራሱስ ምን ነበር? በግእዝ ጉባኤ፣ ኮሚቴ ማለት ነው። እኛ አገር ወታደሮች ይህን የመሰብሰቢያ ቃል ወሰዱት፤ ከ1974 በኋላ ቃሉን ያለ ፍርሃት የሚጠራው ሰው አልነበረም። ሱዳናውያን በተቃራኒው ለጅናን ከአገዛዙ እጅ አስመለሱት። «ሙቃወማ»ን የጨመሩበት የሰፈሩ ሰው ኮሚቴው የማን እንደሆነ እንዲለይ ነው።

ቃልን መንጠቅ የአምባገነኖች የቆየ ልማድ ነው። አልበሽር በጁን 30 ቀን 1989 የተመረጠውን መንግሥት ሲገለብጥ ድርጊቱን የብሔራዊ «ኢንቃዝ» አብዮት ብሎ ሰየመው፤ ኢንቃዝ ማዳን፣ መታደግ ነው። ይህ «መታደግ» ሠላሳ ዓመት ቆየ፤ በዳርፉር መንደሮችን አቃጠለ፤ የሠራተኛ ማኅበራትንና ፓርቲዎችን አፈረሰ። በኤፕሪል 15 ቀን 2023 በሠራዊቱና «ፈጥኖ ደራሽ» በሚባለው ታጣቂ ኃይል መካከል የተቀሰቀሰውንም ጦርነት ሠራዊቱ «የከራማ ውጊያ» ይለዋል፤ ከራማ ለእነርሱ ክብር ነው፤ በእኛ ዘንድ የጠባቂ መንፈስ ስም ሆኖ ቀርቷል። ፈጥኖ ደራሹ ኃይልም በበኩሉ ለዴሞክራሲ እንደሚዋጋ ይናገራል። ከዚህ ጦርነት የሸሸ የካርቱም ነዋሪ ክብሩንም ዴሞክራሲውንም በጠመንጃ አፈሙዝ አላየም።

ለዚህ ነው «መደኒያ» የሚለው ጥያቄ የአብዮቱ እምብርት የሆነው። ሰልፈኛው ሲቪል አስተዳደር ለማለት «መደኒያ!» እያለ ይጮኽ ነበር፤ ሲቪል ማኅበረሰብንም ዐረብኛው «አልሙጅተመዕ አልመደኒ» ይለዋል። ቃሉ «መዲና» ከሚለው ወጥቷል። እኛም «ርእሰ መዲና» እያልን እንጠቀምበታለን። መዲና ወደ ዐረብኛ የገባው ከአራማይክ ነው፤ በአራማይክ የአንድ ፍርድ ሥልጣን የሚገዛው ግዛት ማለት ነበር፤ ከተማ የሚለውን ትርጉም ያገኘው ኋላ ነው። ሥሩ ደ፣ የ፣ ነ ነው፤ በግእዝ «ደየነ» ፈረደ ማለት ነው፤ «ደይን» ፍርድ። ቤተ ክርስቲያን «ዕለተ ደይን» የምትለውን ቁርኣን «የውም አድዲን» ይለዋል። «ዳኛ»ንም ከዚሁ ቤት የሚመድቡት አሉ። እንግዲህ «መደኒ» ከሥሩ ሲፈታ ፍርድ ባለበት ስፍራ የሚኖር ሰው ነው። ካርቱም የጠየቀችው ይህንኑ ነው፤ ገዥውም ተገዥውም አንድ ዳኛ ፊት የሚቀርቡበትን አገር።

የመደኒያ ባላጋራ «ዓስከር» ነው። ዓስከር ከፋርስኛው «ለሽከር» የመጣ ቃል ነው፤ ወደ አማርኛ ዞሮ «አሽከር» ሆኗል። በዐረብኛ ወታደር የነበረው በእኛ ቤት ታዛዥ አገልጋይ ሆነ። የካርቱም ሰዎች የሚሹትም ከዚህ አይርቅም፤ ጦሩ የሕዝብ አገልጋይ እንዲሆን ነው። ጦሩ በኦክቶበር 2021 ካካሄደው መፈንቅለ መንግሥት በኋላ በሰልፉ ያስተጋባው መፈክር «ዓስከር ወደ ካምፑ፣ ጃንጃዊድ ይፍረስ» የሚል ነበር፤ ጃንጃዊድ የሚሉት ፈጥኖ ደራሹን ኃይል ነው። ከተማዋ ራሷ የተወለደችው በ1820ዎቹ መጀመሪያ የቱርክ-ግብፅ ጦር በሰፈረበት የሁለቱ ዓባዮች መገናኛ ላይ ነው። በጦር ሰፈርነት የተጀመረች ከተማ መዲና ለመሆን ሁለት መቶ ዓመት ስትታገል ኖራለች።

የአብዮቱ ሦስት ቃላትም ዘመዶቻችን ናቸው፤ «ሑሪያ፣ ሰላም፣ ዓዳላ»፤ ነፃነት፣ ሰላም፣ ፍትሕ። ሰላም ፍቺ አይሻም። «ሑሪያ» ከትግርኛው «ሓርነት» ጋር አንድ ነው፤ በግእዝ ግን «ሐራ» ጭፍራ፣ ሠራዊት ማለት ነው፤ «ሐራዊ» ደግሞ ከጨዋ የተወለደ። በጥንቱ ሥርዓት ነፃ ሰው የሚባለው ጦር የሚይዘው ስለነበር ነፃነትና ሠራዊት በአንድ ሥር ላይ በቀሉ። ሱዳን ከነፃነቷ ዓመት ከ1956 ወዲህ በ1958፣ በ1969፣ በ1989 እና በ2021 በወታደር ስትገለበጥ ይኸው አሮጌ ሐሳብ ይመለስ ነበር፤ ነፃ ሰው ጠመንጃ ያለው ብቻ ነው የሚለው ሐሳብ። በ1964 ጄኔራል ዓቡድን፣ በ1985 ጃዕፈር ኒሜሪን፣ በኤፕሪል 2019 አልበሽርን ያወረደው ግን ጠመንጃ ያልያዘው ሰው ነበር፤ ተማሪው፣ ሐኪሙ፣ የባቡር ሠራተኛው፣ ሻይ የምትሸጠው እናት።

ይህ ሰው ዋጋ ከፍሏል። በጁን 3 ቀን 2019 በጦሩ ጠቅላይ መምሪያ ደጃፍ ተቀምጦ የነበረው ሕዝብ ሲበተን ከ100 በላይ ሰዎች ተገደሉ፤ የበርካቶች ሬሳም ዓባይ ውስጥ ተጣለ። ከዚያ በኋላ የተመሠረተውን የሽግግር መንግሥት የመሩት፣ ቀደም ሲል አዲስ አበባ በተባበሩት መንግሥታት የአፍሪካ ኢኮኖሚ ኮሚሽን ያገለገሉት ዐብደላ ሐምዶክ ነበሩ። በ2021 ተገለበጡ፤ በዚያው ዓመት ወደ ቦታቸው ቢመለሱም በጃንዋሪ 2022 ሥልጣናቸውን ለቀቁ። ጦርነቱ ሲመጣ የሲቪል ኃይሎች ቅንጅት በአዲስ አበባ ተሰባስቦ «ተቀዱም» ተባለ። ይህም ከእኛው «ቀደመ» ጋር አንድ ሥር ነው፤ ወደ ፊት መራመድ ማለት ነው። በ2025 መጀመሪያ ግን ቅንጅቱ ተከፈለ።

እዚህ ላይ የ«ሕዝብ» ታሪክ ያስተምራል። በግእዝና በአማርኛ ሕዝብ ሁሉንም ሰው ይጠቀልላል፤ በዐረብኛ «ሒዝብ» ፓርቲ ነው፤ ወገን፣ ቡድን። ከሊቃውንት መካከል ቃሉ ከሐበሻ ምድር ወደ ዐረቦች ተሻገረ የሚሉ አሉ። የካርቱም ኮሚቴዎች ከፓርቲዎች ጋር የነበራቸው ቅራኔ በዚህ ልዩነት ይነበባል። ፓርቲዎቹ ከጄኔራሎቹ ጋር ሥልጣን ሲካፈሉ ኮሚቴዎቹ በ2022 ባወጡት ቻርተር ድርድር የለም፣ ሽርክና የለም፣ ሕጋዊነት መስጠትም የለም አሉ። ሥልጣን ከሰፈር ተነሥቶ ወደ ላይ እንዲገነባም ጠየቁ።

በኤፕሪል 2023 መድፍ በከተማዋ መካከል ሲተኮስ መንግሥት ጠፋ፤ የውጭ ድርጅቶች ወጡ፤ ሆስፒታሎች ተዘጉ። ያን ጊዜ ኮሚቴዎቹ ካሉባቸው ሰፈሮች «ጉረፍ አጥጠዋሪእ»፣ የአስቸኳይ ምላሽ ክፍሎች፣ ተወለዱ። «ጉርፋ» ተራ ክፍል ነው፤ አራት ግድግዳ። «ጠዋሪእ» ሳይታሰብ የደረሰ ነገር። መፈክር ይጽፍ የነበረ ወጣት መድኃኒት ማፈላለግ፣ ቁስለኛ ማጓጓዝ፣ ውኃ መቅዳት፣ የሞተ መቅበር ጀመረ። «ተቃወመ» ያን ጊዜ «ተቋቋመ» ሆነ፤ በሁለቱም ትርጉሙ።

ሥራው ግን አዲስ አልነበረም፤ «ነፊር» የሚባል የቆየ ስም ነበረው። በዐረብኛ «ነፈረ» ተነሥቶ ወጣ ማለት ነው፤ ነፊርም የክተት ጥሪ ነበር። የሱዳን ገበሬ ግን ከጦር ሜዳ ወደ እርሻ አመጣውና የጎረቤትን አዝመራ በጋራ የማጨድ፣ የወደቀውን ቤት በጋራ የማቆም ስም አደረገው። በእኛ ቤት ደቦ፣ ጅጊ፣ ወንፈል ነው። ከአማርኛው «ነፈረ» (ተቀቀለ) እና ከ«ንፍሮ» ጋር የሚያገናኘው ድምፅ ብቻ ነው፤ ዝምድና የለውም። በኦገስት 2013 ጎርፍ ካርቱምን ሲያጥለቀልቅ ወጣቶች የእርዳታ ዘመቻቸውን በዚህ ስም ጠሩት። የክተት አዋጅ ወደ ደቦ የተለወጠበት አገር በ2023 ደቦውን ከክተት አዋጁ ጋር ፊት ለፊት አጋጠመው።

ምግቡ የሚበስልበት ቦታ ደግሞ «ተኪያ» ይባላል። ፉልና ምስር በትልቅ ድስት ይቀቀላል፤ ሰው ዕቃውን ይዞ ይሰለፋል። ተኪያ በመሠረቱ የሱፊ ደርዊሾች ማረፊያና የድኾች ማብሊያ ነው፤ ቃሉ «ተደገፈ፣ ጋደም አለ» ከሚለው የዐረብኛ ግስ የመጣ ሲሆን በፋርስና በቱርክ ዞሮ ተመልሷል። ድጋፍ የሚለው የአማርኛ ቃል በቁሙ ሲፈታ ከዚህ ጋር በትርጉም አንድ ነው።

ይህ ድጋፍ ከተመዘገበ ድርጅት ይልቅ ከሰፈር የመጣው ለምንድን ነው ብለን ብንጠይቅ መልሱ ለጋሾችን ሁሉ ያስተምራል። መንግሥት ሊመዘግበውና ሊዘጋው የሚችለውን ድርጅት ብዙ ጊዜ ዘግቶታል። በማርች 2009፣ ዓለም አቀፉ የወንጀል ፍርድ ቤት በአልበሽር ላይ የእስር ማዘዣ ባወጣ ጊዜ፣ 13 የውጭ ረድኤት ድርጅቶች ተባረሩ፤ ሦስት የአገር ውስጥ ድርጅቶችም ተዘጉ። በ2012 መጨረሻ የአልኻቲም ዓድላን የእውቀት ማዕከል፣ በ2014 የሴቶች መብት ማዕከሉ ሰልማህ ታሸጉ። የሰፈር ነፊር ግን ማኅተም የሚመታበት በር የለውም። በጎ ፈቃደኞቹን ሁለቱም ተዋጊዎች አስረዋቸዋል፤ ገድለዋቸዋልም። ሆኖም ክፍሎቹ በ2025 የኖርዌዩን የራፍቶ ሽልማትና የስዊድኑን «ራይት ላይቭሊሁድ» ሲቀበሉ ገና ድስታቸው ከእሳት አልወረደም ነበር። በዚያው ዓመት መጀመሪያ የአሜሪካ ርዳታ ሲቋረጥ ብዙ ተኪያዎች ተዘግተዋል፤ የታሸጉት በጠመንጃ ብቻ አይደለም ማለት ነው።

ሥርወ ቃል የወደፊቱን አይተነብይም። አንድ ሥር ነፃነትንም ሠራዊትንም እንዳወጣ፣ «ቆመ»ም ተቋምን እንዳወጣ ሁሉ «ቆሞ ቀር»ን አውጥቷል። ምርጫው የተናጋሪው ነው። የካርቱም ሰፈሮች ምርጫቸውን በሥራ አሳይተዋል፤ ዴሞክራሲ ለእነርሱ ከምርጫ ሣጥን በፊት ማን በላ፣ ማን ተራበ፣ ድስቱን ማን ይጠብቀው ብሎ ተሰብስቦ መወሰን ሆኗል።

ሱዳንን እረዳለሁ የሚል መንግሥትና ድርጅት ሁሉ ገንዘቡን ወደነዚህ ክፍሎች ያድርስ፤ በሰላም ድርድሩም ጠመንጃ ከያዙት እኩል ወንበር ይስጣቸው። አንተም አንባቢ፣ አንቺም አንባቢ፣ ከካርቱም ሸሽቶ በመተማ በኩል የገባ ሱዳናዊ ጎረቤት ካላችሁ በነፊሩ ውስጥ ምን ይሠራ እንደነበር ጠይቁት። ደቦ ለሚያውቅ ሰው ታሪኩ እንግዳ አይሆንበትም፤ የሚያስፈልገውን ድጋፍም ከራሱ አፍ ትሰሙታላችሁ።