ሆት ዶግ ስታንድ፦ የስክሪኑ ቀለም የማን ነው?

ማይክሮሶፍት እ.ኤ.አ. በ1992 ዊንዶውስ 3.1ን ሲያወጣ፣ ተጠቃሚው እንደ ልብስ የሚቀያይራቸው የቀለም ስብስቦች አብረው ነበሩ። ስማቸው ራሱ ፈገግ ያሰኛል፦ አሪዞና፣ ኦሽን፣ ትዊድ፣ ቫለንታይን፣ ብላክ ሌዘር ጃኬት። ዝናው እስከ ዛሬ የዘለቀው ግን ሆት ዶግ ስታንድ ነው። እንደ ስሙ የሆት ዶግ መሸጫ ይመስላል፤ ከኋላ ያለው ዴስክቶፕ እንደ ሰናፍጭ ቢጫ፣ መስኮቱ እንደ ኬቻፕ ቀይ። የኮምፒውተር ታሪክ ወዳጆች ስለ አስቀያሚ ስክሪን ሲያወሩ እሱን ሳይጠሩ አያልፉም።

ቀልዱን ለጊዜው እናቆየውና አንድ ነገር ልብ እንበል። ሆት ዶግ ስታንድ ሲመረጥ ኖትፓዱም፣ ፋይል ማናጀሩም አብረው ይቀላሉ። ኖትፓድን የጻፈው ፕሮግራመር ግን ስለ ኬቻፕ አስቦ አያውቅም። ታዲያ ቀለሙ እሱ ጋ እንዴት ደረሰ? ስለ ስክሪን ቀለም ማወቅ የሚገባን ዋናው ነገር መልሱ ውስጥ አለ።

ትንሽ ወደ ኋላ እንሂድ። እ.ኤ.አ. በ1981 ከአይቢኤም ፒሲ ጋር በተሸጠው ሞኖክሮም ስክሪን ላይ ጽሑፉ አረንጓዴ ነበር። ማንም ዲዛይነር መርጦት አይደለም፤ መስታወቱን ከውስጥ የተቀባው ፎስፈር አረንጓዴ ስለሚያበራ ነው። በዚያው ዓመት የወጣው ዜሮክስ ስታር ደግሞ ጥቁር ጽሑፍ በነጭ ላይ አሳየ፤ ሐሳቡ ስክሪኑ ወረቀት ይምሰል የሚል ነበር። የ1984ቱ ማኪንቶሽም ይህንኑ መንገድ ተከተለ፤ 512 በ342 ነጥብ፣ ሁለት ቀለም ብቻ። ሁለት ቀለም ብቻ ሲኖር መሳሳት ይከብዳል። ወይ ጥቁር ነው ወይ ነጭ፤ ይነበባል።

ጣጣው የመጣው ከቀለም ጋር ነው። በ1987 አይቢኤም ቪጂኤን ሲያወጣ፣ በ640 በ480 ስክሪን ላይ 16 ቀለም በአንድ ጊዜ ማሳየት ተቻለ። በዶስ ዘመን ይሄ ብዙ ችግር አልፈጠረም፤ አንድ ፕሮግራም ስክሪኑን በሙሉ ይይዝ ነበርና። ወርድፐርፌክት 5.1 ሰማያዊ ነው፣ ሎተስ 1-2-3 ጥቁር ነው፤ ከአንዱ ስትወጡ ወደ ሌላው ትገባላችሁ፣ በቃ። ዊንዶውስ ግን ፕሮግራሞቹን ጎን ለጎን አስቀመጣቸው። እያንዳንዱ የራሱን ቀለም ይዞ ቢመጣ ስክሪኑ ገበያ ይሆናል። ስምምነት ያስፈልግ ነበር።

የተገኘው መላ ቀላል ነው፤ ቀለምን በመልኩ ሳይሆን በሥራው መጥራት። ፕሮግራመሩ «ነጭ ስጠኝ» አይልም። «የመስኮት ጀርባ ቀለም ስጠኝ»፣ «የመስኮት ጽሑፍ ቀለም ስጠኝ»፣ «የበተን ፊት ስጠኝ» ይላል። ስርዓቱ አንድ ሰንጠረዥ አለው፤ ለእያንዳንዱ ሥራ ዛሬ የትኛው ቀለም እንደተመደበ የሚያውቀው እሱ ነው። ሰንጠረዡን የሚሞላው ደግሞ ተጠቃሚው። ሆት ዶግ ስታንድ እንግዲህ ሌላ ምንም አይደለም፤ በተለየ ድፍረት የተሞላ ሰንጠረዥ ነው።

ሐሳቡ ለእኛ ባዕድ አይደለም። በብራና መጻሕፍቶቻችን ጸሐፊው ሁለት ቀለም ይዞ ይቀመጣል። ዋናው ጽሑፍ በጥቁር፣ እንደ ማርያም ያሉ ቅዱሳን ስሞችና የክፍል መጀመሪያዎች በቀይ። ቀዩ ገጹን ለማሳመር ብቻ የገባ ሳይሆን ሥራ አለው። አንባቢው ገጹን ሲገልጥ ቀዩ የቆመለትን ነገር ከማንበቡ በፊት ያውቀዋል።

የዊንዶውስ ሰንጠረዥ አንድ ተጨማሪ ጥበብ ነበረው። ቀለሞቹ ብዙዎቹ በጥንድ ነው የሚሄዱት። የመስኮት ጀርባ ከመስኮት ጽሑፍ ጋር፣ የተመረጠ ነገር ጀርባ ከተመረጠ ነገር ጽሑፍ ጋር፣ የበተን ፊት ከበተን ጽሑፍ ጋር። አንዱን ከስርዓቱ ጠይቆ ሌላውን ከራስ ማምጣት ጥንዱን ማፋታት ነው። ይህ ደግሞ በተግባር በጣም የተለመደ ጥፋት ነው።

ለምን አደገኛ እንደሆነ የሚገባን ዊንዶውስ 95 ላይ ስንደርስ ነው። ነሐሴ 24 ቀን 1995 (እ.ኤ.አ.) የወጣው ይህ ስርዓት ሃይ ኮንትራስት የሚባል አማራጭ ይዞ መጣ። ዓይናቸው ለደከመ ሰዎች ሰንጠረዡን በአንዴ ይገለብጠዋል፤ ለምሳሌ ጀርባው ጥቁር፣ ጽሑፉ ነጭ ይሆናል። አሁን አንድ ፕሮግራመር ጀርባውን በኮዱ ውስጥ ነጭ ብሎ ቆልፎ፣ ጽሑፉን ከስርዓቱ ጠየቀ እንበል። እሱ ኮምፒውተር ላይ ሁሉ ሰላም ነው። ሃይ ኮንትራስት የሚጠቀመው ሰው ሲከፍተው ግን ነጭ ጽሑፍ በነጭ ጀርባ ላይ ያገኛል፤ ማለትም ባዶ ገጽ። ፕሮግራሙ አልተበላሸም፣ የስህተት መልእክትም አልወጣም። ሰውየው ብቻ ከሥራው ውጭ ሆነ።

በነገራችን ላይ «ይነበባል ወይስ አይነበብም» የሚለው በጣዕም የሚወሰን ነገር አይደለም። በ2008 የወጣው ደብልዩካግ 2.0 የተሰኘው የድረ ገጽ ተደራሽነት መመሪያ በቁጥር አስቀምጦታል፤ ተራ ጽሑፍ ከጀርባው ጋር ያለው የብርሃን ንጽጽር ቢያንስ 4.5 ለ 1 መሆን አለበት። ጥቁር በነጭ ላይ 21 ነው፤ ከዚያ በላይ የለም። በዚህ ሚዛን የድሮዎቹን እንመዝናቸው። የዊንዶውስ 95 ግራጫ በተን ላይ ያለው ጥቁር ጽሑፍ 11.5 ገደማ ነው። የዚያ ዘመን ዴስክቶፕ መለያ በሆነው ሰማያዊ አረንጓዴ ላይ ነጭ ጽሑፍ 4.8 ገደማ ይሆናል፤ መመሪያው ከመውጣቱ 13 ዓመት ቀድሞ ለጥቂት አልፏል። ነጭ ጽሑፍ በንጹህ ቀይ ላይ ግን 4 ብቻ ነው፤ ይወድቃል። ቢጫ በነጭ ላይማ 1.07 ነው፤ ከሌለ አይሻልም። ዓይን የሚወጋ ደማቅ ቀለም ሁሉ ጥርት ብሎ አይነበብም። የሚቆጠረው በሁለቱ መካከል ያለው የብርሃን ልዩነት ነው።

ከዚህ በኋላ ታሪኩ ትንሽ ያሳዝናል። በ2012 የወጣው ዊንዶውስ 8 ተጠቃሚው የእያንዳንዱን ክፍል ቀለም የሚቀይርበትን የድሮ መስኮት አስወገደው። ከሃይ ኮንትራስት በስተቀር ሰንጠረዡ ከተጠቃሚው እጅ ወጣ ማለት ይቻላል። በዚያው ሰሞን የዴስክቶፕ ፕሮግራሞችን በድረ ገጽ ቴክኖሎጂ መሥራት ተለመደ፤ ሁሉም የራሱን ቀለም ከቤቱ ይዞ መምጣት ጀመረ። ልክ እንደ ዶስ ዘመን፤ ልዩነቱ አሁን ጎን ለጎን መሆናቸው ነው።

ነገሩን በሌላ በር የመለሱት እኛው ኮድ ጸሐፊዎች ነን ብል ማጋነን አይሆንም። ቀኑን ሙሉ ጽሑፍ ላይ የምናፈጥ ሰዎች ለራሳችን ዓይን ማሰብ ነበረብን። ኢታን ስኩኖቨር በ2011 ያወጣው ሶላራይዝድ ጥሩ ምሳሌ ነው። 16 ቀለም ነው ያለው፤ ስምንቱ ለጀርባና ለጽሑፍ፣ ስምንቱ ደግሞ ለማድመቂያ። ብልሃቱ የጀርባና የጽሑፍ ቀለሞቹ የብርሃን ርቀት ተለክቶ መቀመጡ ነው፤ ከብርሃናማው ወደ ጨለማው ስትቀይሩ የሥራ ቦታቸውን ይለዋወጣሉ እንጂ ንጽጽሩ አይናጋም። ያው የድሮው ሐሳብ ነው፤ መጀመሪያ ሥራው፣ ከዚያ መልኩ።

ቀጥሎ ዳርክ ሞድ መጣ፤ በዊንዶውስ 10 በ2016፣ በማክ በ2018። ያን ጊዜ በኮዳቸው ውስጥ «ነጭ» ብለው የጻፉ ፕሮግራመሮች እያንዳንዷን ነጭ እየለቀሙ ማረም ግድ ሆነባቸው። «የመስኮት ጀርባ» ብለው የጻፉት ግን ሰንጠረዡን ብቻ ቀየሩ። የዓይን ሕመምተኛው ለዓመታት ሲጠይቅ የነበረው ነገር፣ ዳርክ ሞድ ፋሽን ሲሆን ነው የተሰማለት።

በአማርኛ ለሚያነብ ሰው ጉዳዩ ይብስበታል። «ሉ» እና «ሊ»ን የሚለያቸው በጎን የምትቀጠለው ትንሽ ሰረዝ መሀል ላይ ወይ እግር ላይ መሆኗ ነው። ፈዛዛ ግራጫ በነጭ ላይ ሲጻፍ መጀመሪያ የምትጠፋው ያቺ ሰረዝ ናት።

ሶፍትዌር የምትሠሩ ከሆነ ዛሬውኑ አንድ ሙከራ አድርጉ። ዊንዶውስ ላይ የግራ አልት፣ የግራ ሺፍትና ፕሪንት ስክሪንን አንድ ላይ ተጫኑ፤ ሃይ ኮንትራስት ይበራል። ከዚያ የራሳችሁን ፕሮግራም ክፈቱ። የጠፋ ጽሑፍ ካለ፣ ያንን ገጽ እስከ ዛሬ ባዶውን ሲያይ የኖረ ሰው ሊኖር ይችላል። ሆት ዶግ ስታንድ አስቀያሚ ነበር፤ ግን የመረጠው ሰው ራሱ መርጦት ነው፣ ፕሮግራሞቹም እሺ ብለውታል።