የመላካ ወደብ ትምህርት

ትንሽ ሀገር ከታላቅ መንግሥት ጋር ስለተወዳጀች ብቻ ትድናለችን? የመላካ ታሪክ መልስ አለው።

በዛሬዋ ማሌዥያ የምትገኘው መላካ እ.ኤ.አ. በ1400 ገደማ ስትቆረቆር ለሲያም፣ ማለትም ለዛሬዋ ታይላንድ፣ ወርቅ ትገብር ነበር። መሥራቿ ፓራሜስዋራ ከዚህ ቀንበር ለመውጣት ፊቱን ወደ ቻይና አዞረ፤ በ1411 ራሱ እዚያ ድረስ ሄዶ ለንጉሡ እጅ ነሣ። የሙስሊሙ አዛዥ የዠንግ ሄ መርከቦችም ወደቧን ማረፊያ አደረጉ። ሲያምም እጇን ሰበሰበች።

ይሁን እንጂ ከ1433 በኋላ ቻይና ታላላቅ መርከቦቿን መላክ አቆመች። መላካ ግን አልወደቀችም፤ ይልቁንም ገነነች። ለምን ቢሉ፣ ነጋዴ የሚተማመንበት ሥርዓት ነበራትና ነው። ሻህባንዳር የተባሉ አራት የወደብ ሹሞች የጉጀራቱን፣ የቤንጋሉን፣ የጃቫውንና የቻይናውን ነጋዴ በየወገኑ ተቀብለው ያስተናግዱ ነበር፤ ቀረጡም የታወቀ ነበር።

በ1511 የፖርቱጋሉ አልቡከርክ ከተማዋን በመድፍ ያዘ። ሱልጣን ማሕሙድ ሻህ ለቻይና አቤት አሉ። ቻይና የፖርቱጋልን መልእክተኛ ቶሜ ፒሬስን አሰረች እንጂ ጦር አልላከችም።

ልብ በሉ! ፖርቱጋሎች ግንቡን ሲይዙ እምነቱን አልያዙም። ንግዱን ለብቻቸው ለማድረግ ቢጥሩም፣ ሙስሊም ነጋዴዎች ወደ አቼህና ወደ ሌሎች ወደቦች ዞሩ፤ የአቼህ ቁንዶ በርበሬም እስከ ቀይ ባሕር ደረሰ።

እንግዲህ የኃያል ወዳጅነት ጊዜ ይሰጣል፤ ዘብ ሆኖ ግን አይኖርም። ገበያን የሚያቆየው ፍትሐዊ ሚዛን ነው፤ ሀገርን ለመጠበቅ ግን ሚዛኑም ብቻውን አይበቃም፤ የራስ ክንድ ያስፈልጋል።