«አሮጌውን አጥፍተው አዲሱን ይጫኑ» ሲባሉ፦ የሞባይል መተግበሪያ ማኅተም እንዴት ይሠራል?

ቴሌብር ግንቦት 3 ቀን 2013 ዓ.ም. ሥራ ከጀመረ ወዲህ ገንዘብን በስልክ መላክና መቀበል በከተማም በገጠርም እየተለመደ መጥቷል። የእሸት ቡና ዋጋውን በስልኩ የሚቀበል የቴፒ አርሶ አደርም ሆነ የሚዛን ተፈሪ ነጋዴ ገንዘቡን አምኖ የሚሰጠው ለመተግበሪያው ነው። ሆኖም ብዙዎች የኢንተርኔት ወጪ ለመቆጠብ ሲሉ መተግበሪያን በብሉቱዝ ወይም በቴሌግራም ይቀባበላሉ። በዚህ መንገድ የተገኘ ፋይል መሐል ላይ ተነካክቶ፣ የምስጢር ቁጥር የሚሰርቅ ትእዛዝ ተጨምሮበት ሊሆን ይችላል።

ዲጂታል ፊርማ ምንድን ነው?

መተግበሪያ የበርካታ ፋይሎች ጥምረት ነው። ሠሪው ከፋይሎቹ ይዘት በሒሳብ ቀመር አጭር አሻራ ያወጣል፤ እርሱ ብቻ በያዘው ምስጢራዊ ቁልፍም ይፈርምበታል። ከይዘቱ አንዲት ፊደል ብትለወጥ አሻራው ይለወጣል። ነገሩ ታሽጎ ማኅተም እንደተደረገበት የቡና ጆንያ ነው፤ መንገድ ላይ ቢከፈት ማኅተሙ ያሳብቃል።

ማኅተሙ የማይከላከለው

የአንድሮይድ ስልክ ማሻሻያ ሲጫንበት የአዲሱን ፊርማ ከነባሩ ጋር ያመሳክራል፤ ካልተመሳሰሉ አይጭንም። ነባሩ ከጠፋ ግን የሚመሳከርበት አይኖርም። አጭበርባሪው በራሱ ቁልፍ የፈረመውን ፋይል ስልኩ እንደ አዲስ መተግበሪያ ሊቀበለው ይችላል። ስለዚህ «አሮጌውን አጥፍተው ይህን ይጫኑ» የሚል ምክር የአደጋ ምልክት ነው።

ምን ይደረግ?

• የገንዘብ መተግበሪያን ከፕሌይ ስቶር ወይም ከአፕ ስቶር ብቻ ማውረድና የሠሪውን ድርጅት ስም ማረጋገጥ፤
• ካልታወቀ ምንጭ መጫንን የሚፈቅደውን የስልክ ቅንብር መዝጋት፤
• ኢንተርኔት ከሌለ ቴሌብርን ያለ መተግበሪያ በ*127# መጠቀም፤
• አጠራጣሪ ፋይል ከተጫነ የስልኩን ኢንተርኔት ወዲያው ማቋረጥ፣ በሌላ ስልክ ለኢትዮ ቴሌኮም በ994፣ ለኢትዮጵያ ንግድ ባንክ በ951 ማሳወቅ፣ የምስጢር ቁጥርንም መቀየር።

የኮምፒዩተር ወንጀል አዋጅ ቁጥር 958/2008 ያለ ፈቃድ ወደ ኮምፒዩተር ሥርዓት መግባትን፣ ዳታ ማበላሸትንና በኮምፒዩተር አማካይነት ማታለልን በወንጀል ያስቀጣል። ይሁንና የተወሰደ ገንዘብን ማስመለስ ቀላል አይደለምና ከመጫን በፊት ማጣራት ይበጃል።